መልሶ ለማይጠይቅ አንባቢ

ሰነድ ፈልጎ እንዲያመጣ የተሰማራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል (ኤጀንት)፣ ማለትም የቋንቋ ሞዴልን ከፍለጋና ከሌሎች አገልግሎቶች ጋር አጣምሮ ሥራን ደረጃ በደረጃ የሚያከናውን ፕሮግራም፣ የሚገለገልበትን መሣሪያ የሚያውቀው ስለ መሣሪያው ከተጻፈለት መግለጫ ነው። በዚህ ሙያ “መሣሪያ” (ቱል) የሚባለው ወኪሉ ሊጠራው የሚችል አንድ የተወሰነ ተግባር ሲሆን፣ ለሞዴሉ የሚቀርብለትም የተግባሩ ስም፣ ጥቅሙን የሚያብራራ አጭር ጽሑፍና የሚቀበላቸው ግቤቶች ዝርዝር እንጂ ከጀርባ ያለው ኮድ አይደለም። አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የተባለው የግንኙነት ሥርዓትም የቆመው በዚሁ አቀራረብ ላይ ነው። መግለጫው “ሰነዶችን ይፈልጋል” ብሎ ካበቃ፣ የየትኛው አካል፣ የየትኛው ዘመንና በየትኛው ቋንቋ የተጻፉ ሰነዶች እንደሆኑ ወኪሉ የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው የጎደለውን በግምት ይሞላል።

በሐዋሳ የሚገኘው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ግምቱ የት ሊያደርስ እንደሚችል ያሳያል። መርካቶን የያዘው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማም በዚሁ ስም ስለሚጠራ፣ አንድ የሐዋሳ ነዋሪ “አዲስ ከተማ የንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ምን ያስፈልጋል?” ብሎ ሲጠይቅ፣ የመሣሪያው ግቤት “ክፍለ ከተማ” ብቻ ከሆነ ወኪሉ የአዲስ አበባን መመሪያ አምጥቶ በሙሉ ልብ ሊመልስ ይችላል። የስሕተቱ ክፋት ስሕተት አለመምሰሉ ነው፤ ሰነዱ እውነተኛ፣ ስሙም ትክክል ነውና። ስለዚህ ከተማው ራሱን የቻለ የግዴታ ግቤት ሊሆን፣ መግለጫውም “ከተማው ካልተገለጸ ተጠቃሚው ይጠየቅ፤ ከክፍለ ከተማው ስም ብቻ አይገመት” ሊል ይገባል። ሐዋሳ ሲዳማ ክልል እስከሆነበት እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ በደቡብ ክልል ሥር ስለነበረች የቀድሞ ሰነዶች በሌላ ክልል ስም ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ስሟም በየሰነዱ አዋሳ፣ ሀዋሳና ሐዋሳ እየተባለ ይጻፋል። ፍለጋው እነዚህን አጻጻፎች አንድ አድርጎ የሚያይ መሆን አለመሆኑ ካልተነገረው፣ ወኪሉ በአንዱ ሞክሮ ባዶ ውጤት ሲያገኝ ሰነዱ የለም ብሎ ይደመድማል።

በሕግ ሰነዶች ላይ ችግሩ ይበልጥ ይረቅቃል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 1156/2011 ሲባል በእንግሊዝኛው ቅጂ 1156/2019 ነው፤ የገቢ ግብር አዋጁም እንዲሁ በአንዱ 979/2008፣ በሌላው 979/2016 ተብሎ ይጠቀሳል። 2008ም ሆነ 2016 በሁለቱም የዘመን አቆጣጠሮች የሚታመኑ ዓመታት ስለሆኑ፣ “ዓመት” የሚል እርቃኑን የቀረ ግቤት ምንም የስሕተት ምልክት ሳያሳይ የተሳሳተ ውጤት ይመልሳል። “የአዋጁ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ለምሳሌ 2011” የሚል አንድ ሐረግ ይህን ይከላከላል፤ ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየሆነ ስለሚለዋወጥም ስሌቱን ለሞዴሉ ከመተው መሣሪያው ራሱ ቢሠራው ይሻላል።

ከዓመቱ ባልተናነሰ የሕጉ ጸንቶ መቆየት መገለጽ አለበት። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀውና ሴት ሠራተኞች በሚበዙበት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ አንዲት እናት ስለ ወሊድ ፈቃድ ብትጠይቅ፣ የተሻረው አዋጅ ቁጥር 377/1996 90 ቀን፣ የሚሠራበት አዋጅ ደግሞ 120 ቀን ይላል። የሁለቱ አንቀጾች ቃላት እጅግ ስለሚቀራረቡ በይዘት ተመሳሳይነት የሚመርጥ ፍለጋ አሮጌውን ቢያስቀድም አያስገርምም፤ መግለጫው የተሻሩ ሕጎች በስብስቡ ውስጥ እንዳሉና እያንዳንዱ ውጤት የሕጉን ሁኔታ እንደሚይዝ ካልተናገረ ግን ወኪሉ የመጀመሪያውን ውጤት አንሥቶ ይመልሳል፣ ጠያቂዋም ተጨማሪ የ30 ቀን መብት እንዳላት ሳታውቅ ትቀራለች።

በተግባር የሚታዩ ብዙ መግለጫዎች “ፈጣን”፣ “አስተማማኝ”፣ “ዘመናዊ” በሚሉ ቅጽሎች የተሞሉ ናቸው፤ ገዢ በሌለበት የሚነገር ማስታወቂያ ከመሆን አያልፉም። ወኪሉን የሚጠቅመው መሣሪያው የማይሠራውን ማወቁ ነው። አንዱ መሣሪያ ርእስና አጭር ቅንጭብ፣ ሌላው ሙሉ አንቀጽ የሚያመጣ ከሆነ፣ የመጀመሪያው መግለጫ ቅንጭቡ ለመጥቀስ እንደማይበቃና አንቀጹ በሁለተኛው መነበብ እንዳለበት በስም ጠርቶ መናገር ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ሲባል ርዝመት ያለ ዋጋ አይመጣም፤ መግለጫው ሞዴሉ በሚያነበው ጽሑፍ ውስጥ በየጥያቄው ስለሚካተት፣ የአማርኛ ጽሑፍም በአብዛኛዎቹ ሞዴሎች ከእንግሊዝኛው ይልቅ በብዙ ቁርጥራጮች (ቶከኖች) ስለሚከፋፈል፣ የማይለይ ቃል ሁሉ ወጪ ነው። ቅጽሉን አውጥቶ በቦታው የከተማውን ግቤትና የዘመን አቆጣጠሩን ማስገባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ርዝመቱን ብዙም አይጨምርም።