ሰኔ 30 ቀን በሚሲዮን ተማሪ ቤት

ሰኔ 30 ቀን በአገራችን ሁለት ዓይነት መዝገብ ይዘጋል። አንደኛው የመንግሥት የሒሳብ መዝገብ ነው። የበጀት ዓመቱ አልቆ፥ ገቢና ወጪው ተመሳክሮ፥ ያልተወራረደው ተወራርዶ፥ ሐምሌ 1 ቀን በአዲስ ገጽ ሥራ ይጀመራል። ሁለተኛው የተማሪ ቤት መዝገብ ነው። ልጁ አልፎ እንደ ሆነ ወይም ወድቆ እንደ ሆነ፥ ስንተኛም እንደ ወጣ በአንዲት ታጣፊ ካርድ ላይ ተጽፎ ለወላጁ ይሰጣል። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በየመሥሪያ ቤታቸው የመጀመሪያውን መዝገብ ሲዘጉ እንደሚያመሹ እናውቃለን። ሁለተኛውን ግን ካርድ መቀበል ካቆምንበት ጊዜ ጀምሮ ረስተነዋል ማለት ይቻላል።

እኛም ረስተነው ነበር። ነገር ግን በ2017 ዓ.ም. ሰኔ 30 ቀን፥ ዕለቱም ሰኞ ነበር፥ አንዲት ጎረቤታችን የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነውን የልጇን ካርድ እንድንቀበልላት ለመነችን። እርስዋ በአንድ መሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ስለ ሆነች በዚያ ቀን ወንበሯን ለቅቃ መውጣት አትችልም። ልጁ የሚማረው በአዲስ አበባ ከሚገኙት የካቶሊክ ሚሲዮን ተማሪ ቤቶች በአንዱ ነው። የተማሪ ቤቱን ስም ለመጥራት ፈቃድ አልጠየቅንምና አንጠራውም፤ ያየነውን ግን እንናገራለን።

ወደ ግቢው ከመግባታችን በፊት ስለ ሚሲዮን ተማሪ ቤት ጥቂት ቃል መናገር ያስፈልጋል። የካቶሊክ ሚሲዮኖች በአገራችን ማስተማር ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። በአገሩ ሰው ዘንድ አቡነ ያዕቆብ እየተባሉ የሚጠሩት ኢጣሊያዊው ቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ በ1832 ዓ.ም. ወደ ትግራይ ገብተው፥ ቈይተውም በአዲግራት አቅራቢያ የአገሩን ልጆች ለክህነት የሚያሠለጥን ተማሪ ቤት አቋቁመዋል። በሐረርም በካፑቺኖች ሚሲዮን የተማሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካሂን የልጅ ተፈሪ መኰንን፥ ማለት የኋላው ንጉሠ ነገሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፥ አስተማሪ ነበሩ። ከጠላት ወረራ በኋላ ደግሞ የካናዳ ኢየሱሳውያን በተፈሪ መኰንን ተማሪ ቤት እንዲያስተምሩ ተጠርተው መጡ፤ የክህነት ልብሳቸውን ትተው እንደ ማንኛውም አስተማሪ ኮትና ሱሪ ለብሰው አስተማሩ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈትም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከእነርሱ አንዱ የሆኑት ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። እንግዲህ የዩኒቨርሲቲ ልጆች ነን የምንል ሁሉ፥ ብናውቀውም ባናውቀውም፥ ለእነዚያ አስተማሪዎች የምንከፍለው ውለታ አለብን።

በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ መሠረት በአገራችን ካቶሊኮች ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ስለዚህ በሚሲዮን ተማሪ ቤት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የኦርቶዶክስ፥ የሙስሊም ወይም የፕሮቴስታንት ልጅ ነው። ይህን ማስታወስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ቀን ያየነው ነገር ሁሉ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ የተነሣ ነውና።

ፈተና ካለቀ በኋላ ካርድ እስኪሰጥ ድረስ ያሉት ቀኖች በብዙ ተማሪ ቤቶች የሞቱ ቀኖች ናቸው። አስተማሪው ነጥብ ሲደምር፥ ተማሪው በየመንደሩ ኳስ ሲያሳድድ ያልፋሉ። በዚህ ተማሪ ቤት ግን እነዚህ ቀኖች የሥራ ቀኖች መሆናቸውን የተማሪ ቤቱ ዲሬክተር ነገሩን። እኚህ ዲሬክተር ትንሽ ትልቁ ሲስተር ብሎ የሚጠራቸው መነኵሲት ናቸው።

የመጀመሪያው ቀን የመጻሕፍት ቀን ነው። በመስከረም የታደለው መጽሐፍ ሁሉ ተመልሶ ይቈጠራል። የተገነጠለው በመርፌና በክር ይሰፋል፤ ልባሱ ያለቀው በአሮጌ ጋዜጣ ይለበጣል። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላም ሥራ እንደማይፈታ ስለ ሰማን ደስ አለን። በእያንዳንዱ መጽሐፍ ልባስ ውስጥ በየዓመቱ የተጠቀሙበት ልጆች ስም በተርታ ተጽፎ ይገኛል። የጎረቤታችን ልጅ በሒሳብ መጽሐፉ ላይ ከእርሱ በፊት የነበሩትን የሁለቱን ልጆች ስም በቃሉ ያውቃል። «ገጽ ሠላሳ ሁለትን የቀደደው ይኼኛው ነው» ብሎ አንዱን ሲከስ ሰምተን ሳቅን። ልጁ ግን አልሳቀም፤ የርሱም ስም ከሥር ተጽፎ ለሚመጣው ልጅ እንደሚተላለፍ ዐውቆ ቀዳዳውን ራሱ በሙጫ ለጥፎታል።

ሁለተኛው ቀን የወንበር ቀን ነው። ዴስኩ ሁሉ ወደ ሜዳ ወጥቶ በሳሙናና በውሃ ይፈተጋል፤ ስሙን በእስክርቢቶ የጻፈ የራሱን ስም ራሱ ያጠፋል። የላላውን ሚስማር የሚመቱት ልጆቹ አባባ የሚሏቸው ሽማግሌው ዘበኛ ናቸው። ሦስተኛው ቀን የቦይና የችግኝ ቀን ነው። ክረምቱ ሳይበረታ ቦዩ ይጠረጋል፤ ችግኝ ይተከላል። ቀድሞ በየዓመቱ ብዙ ችግኝ እየተተከለ በበጋ ይደርቅ ነበር አሉን። አሁን ግን ደንቡ ተለውጧል። ስድስተኛ ክፍሎች ይተክላሉ፤ አምስተኛ ክፍሎች በስም ተረክበው እስከሚቀጥለው ሰኔ ያጠጣሉ። የሚያጠጣ ያልተገኘለት ችግኝ አይተከልም። ይህ ደንብ ከተማሪ ቤቱ አጥር ወጥቶ ለትልልቆቹም የችግኝ ተካዮች ቢደርሳቸው ምንኛ መልካም ነበር!

ዕለቱ እንዲህ ነበር። ጧት በሁለት ሰዓት አባባ በዋርካው ላይ የተንጠለጠለውን ብረት ሲደበድቡ ልጆቹ ተሰለፉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ከዚያም የሚሹት ለዓመቱ መዝጊያ ጸሎት ወደ ቤተ ጸሎቱ ሲገቡ የቀሩት ወደ አዳራሹ ሄዱ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በ90ኛው አንቀጽ ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። ስለዚህ በክፍል ውስጥ ሃይማኖት አይሰበክም፤ ጸሎቱም በፈቃድ ነው። በዚያ ቀን የተቀደሰው በግዕዝ ሥርዓት ስለ ነበረ፥ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ዝናቡን ይሸሹ ከነበሩት የኦርቶዶክስ እናቶች አንዷ ሳይታወቃቸው ተሰጥዎውን ይመልሱ ጀመር። ጓደኛቸው በክርናቸው ጎሰም ቢያደርጓቸው፥ «ምን ላድርግ፤ የማውቀው ዜማ ነው!» ብለው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

በኋላ አስተማሪዎችና ወላጆች ኳስ ሊጋጠሙ ታስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሜዳው ጭቃ ስለ ሆነ ገመድ ጉተታ ተተካ። ፊሽካውን የያዙት ሲስተር ናቸው። አስተማሪዎቹ ተሸነፉ። የስፖርት አስተማሪው ጭቃ ላይ በጀርባቸው ሲወድቁ ከልጆቹ የተሰማው እልልታ በፈተና ቀን ለተቈጠረባቸው ስሕተት ሁሉ ካሣ ሳይሆን አልቀረም።

ስለ ምሳው ለብቻው መናገር ይገባል። ሰኔ 30 ቀን በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ይውላል። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ «የሰኔ ጾም የቄስ ነው፤ ልጆች ምን አገባቸው?» ሲሉ ሌሎቹ «እኔ ግን እጾማለሁ» ብለው ነበር። በግ ይታረድ ያሉ አባቶችም ነበሩ። በግ ሲባል ደግሞ ማን ይባርከዋል የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ የክርስቲያኑን ሥጋ ሙስሊሙ፥ የሙስሊሙን ሥጋ ክርስቲያኑ እንደማይበላ አገር የሚያውቀው ነው። ክርክሩን የቈረጡት ሁለት ልጆቻቸው በዚያ የሚማሩላቸው ሙስሊም አባት ናቸው አሉ። «የጾም ይሁን፤ የጾም ከሆነ እኛም እንበላለን» አሉ። እንግዲህ ምስር ወጥ፥ ሽሮ፥ ጎመን፥ ድንችና ካሮት ተሠራ፤ ድፎ ዳቦ ተጋገረ። አንዱን መሶብ የከበቡትን ልጆች እጅ ስንመለከት የማን ልጅ የማን እንደ ሆነ ለመለየት አልቻልንም። ስለ አብሮ መኖር ብዙ ንግግር ሰምተናል፤ የዚህን የምስር ወጥ ያህል የገባን ግን የለም።

ካርድ የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ፥ ለአንባቢዎቻችን ምሥጢራችንን እናውጣና፥ ሆዳችን ባባ። እኛም ልጅ ሳለን በሌላ ተማሪ ቤት የዓመት መዝጊያ ቀን ነበረን። በዚያ ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ስም ይጠራ ነበር። ክፍያ ያላጠናቀቀ ልጅ ደግሞ ለብቻው በግንቡ ጥግ እንዲሰለፍ ይደረግ ነበር፤ ካርዱም አይሰጠውም። አንድ ዓመት እኛም በዚያ ግንብ ጥግ ቆመናል። ያን ዓመት አራተኛ ወጥተን ነበር፤ ነገር ግን አራተኛ መውጣታችንን ያወቅነው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አባታችን ግማሹን ብቻ ከፍለው ኖሮ ካርዱን ሊለምኑ ሲሄዱ «ተከፍሏል» ተባሉ። ማን እንደ ከፈለልን እስከ ዛሬ አናውቅም።

እዚህ ያየነው ሌላ ነው። ስም አይጠራም። እያንዳንዱ የክፍል አስተማሪ በክፍሉ ተቀምጦ ወላጅና ልጅን በተራ ያስገባል፤ ካርዱን ከፍቶ ያስረዳል። ደረጃው ተጽፏል፥ ግን ለዚያ ቤተሰብ ብቻ ነው። ተራችን ደርሶ ስንገባ የልጁ አስተማሪ «ሒሳብ ላይ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ክረምቱን የማባዛት ሠንጠረዡን ይያዝ። መጽሐፍ በመጠገን ግን ከክፍሉ የሚስተካከለው የለም» አሉን። ልጁ ከአርባ ስድስት ልጆች ሠላሳ አንደኛ ወጥቷል። አንገቱን ደፍቶ ገብቶ ቀና ብሎ ወጣ።

ከዚያ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ሆነ፤ የቀኑ ከባድ ነገርም ይህ ነበር። ሲስተር ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ። «ክፍያ ካልጨመርን አስተማሪዎቻችን ወደሚሻላቸው ይሄዳሉ። ከጨመርን ደግሞ ይህ ቤት የተሠራላቸው ልጆች ይወጣሉ። እናንተ ምከሩኝ» አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። አንዱ የኑሮውን ውድነት አነሣ፤ ሌላው ሚሲዮን ከውጭ አገር ርዳታ ያገኝ የለምን አለ። ሲስተርም የውጭው ርዳታ ከዓመት ዓመት የማይታመን መሆኑን፥ አንድ ተማሪ ቤትም በሰው እጅ ብቻ ሊቆም እንደማይገባው መለሱ። እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሥተው፥ «እኔ ጭማሪውን አልችልም። ልጄን ግን ከዚህ ማውጣት ደግሞ ከዚያ የባሰ አልችልም» ብለው ተቀመጡ። ለጥቂት ጊዜ የተናገረ አልነበረም።

በመጨረሻ አንድ የታክሲ ነጂ ቃል ጠየቁ። «የምንችል የምንጨምረውን እንጨምር፤ ከዚያም በላይ የሚችል ይጨምር። በዚያ የማይችሉት ይሸፈኑ። ነገር ግን አንድ ነገር እንለምንዎ ሲስተር፤ የማይችለው ማን እንደ ሆነ ለእኛ አይንገሩን» አሉ። ጉባኤው በጭብጨባ ተስማማ። ጭብጨባ ጐዶሎን ሁሉ አይሞላም፤ ሲስተርም ይህን ስለሚያውቁ የተዋጣውን ገንዘብ ልክ በጥቅምት ለወላጆች እንደሚያስታውቁ፥ ካልበቃም እንደገና እንደሚሰበስቧቸው ነገሯቸው። ይህም ትክክል ነው። የሰኔ ተስፋ በጥቅምት ካልተቈጠረ ሳይጠጣ እንደሚደርቀው ችግኝ ነው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያተትነው ለምንድን ነው? ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሚሲዮን፥ በመንግሥት ወይም በሕዝብ ተማሪ ቤት ከዋጋው በታች ከፍለን ወይም ምንም ሳንከፍል የተማርን ነን። ጐዶሎውን አንድ ሰው ሞልቶታል። ያ ሰው ኮትና ሱሪ የለበሰ ካህን፥ ደመወዙ ያነሰ አስተማሪ፥ ግብር ከፋይ ገበሬ፥ ወይም ስሙን ያልነገረን ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ዛሬ ደመወዝተኞች ነን፤ ወይም ልንሆን ጥቂት ቀርቶናል። በሰኔ መጨረሻ ወደ ተማርንበት ተማሪ ቤት ብቅ ብለን የአንድ ልጅ ክፍያ ጐዶሎ ብንሞላ፥ ገንዘቡ ከሌለንም ክረምቱን ለጥቂት ልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ ብናስጠና፥ በኑሯችን ላይ ትልቅ ጕድለት የሚያመጣ አይመስለንም። ተማሪ ቤቶችም የማይከፍለውን ልጅ በግንብ ጥግ ማቆም ቢተዉ፥ ከገንዘቡ የሚጎድልባቸው ነገር የለም፤ ዕዳው የወላጅ እንጂ የልጁ አይደለምና።

ጎረቤታችን በዚያ ሌሊት ሒሳቧን ዘግታ በሦስት ሰዓት ተኩል ገባች። ካርዱን በመብራት አጠገብ ይዛ ከላይ እስከ ታች እንደ ቫውቸር መረመረችው። «ሠላሳ አንደኛ» አለች። ቀጥላም አስተማሪው ከታች በእጃቸው የጻፉትን ስለ መጻሕፍቱ ያለውን ቃል አነበበችና ወደ ተኛው ልጅ ተመለከተች። «የእኛስ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ዛሬ ሳንቲም ሳይጐድል ተዘጋ» አለችን። እኛ ግን ማን እንደ ከፈለልን ያላወቅነውን ዕዳ እያሰብን ወደ ቤታችን ሄድን። የእኛ ሒሳብ ገና አልተወራረደም።