ስለ ተለጣጭ የጥርስ ልክ መውሰጃዎች፤ ለሕክምና ዕቃ ነጋዴዎች የሚጠቅም መግለጫ

ሲሪንቃ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በ508 ኪሎ ሜትር ርቀት፥ በመርሳና በወልድያ መካከል የምትገኝ፥ በእርሻ ምርምር ማእከልዋ የታወቀች የሀብሩ ወረዳ ስፍራ ናት። ከዋናው ከተማ ይህን ያህል መራቅዋ ለሕክምና ዕቃ ነጋዴ አንድ ቁም ነገር ያስተምራል፤ ይኸውም ዕቃ መልካም የሚባለው በስሙና በዋጋው ብቻ ሳይሆን መንገዱን መቻሉ ሲታወቅ ነው። ለዚህ የጥርስ ልክ መውሰጃ በቂ ምሳሌ ነው።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመሠራቱ በፊት ሐኪሙ የበሽተኛውን አፍ ልክ በለስላሳ ሊጥ ይወስዳል። ሊጡ አፍ ውስጥ ከረጋ በኋላ ወጥቶ ጀሶ ይፈስበታል፤ ጀሶውም ሲጠነክር የጥርሱ ምስል ይሆናል። ነገር ግን ጥርስ ወገቡ ሰፊ፥ አንገቱ ጠባብ ስለ ሆነ፥ ከአንገቱ ዙሪያ የረጋው ሊጥ ወገቡን አልፎ ለመውጣት መለጠጥ ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ ከልክ መውሰጃ ሦስት ጠባዮች ይፈለጋሉ፤ አንደኛ፥ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለስ፤ ሁለተኛ፥ ሲሳብ አለመቀደድ፤ ሦስተኛ፥ ከወጣ በኋላ መጠኑን አለመለወጥ።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1925 የቪየናው አልፎንስ ፖለር ከባሕር አረም በሚገኘው አጋር የሚሠራ ተለጣጭ መውሰጃ አስተዋወቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከጃፓን ይመጣ የነበረው አጋር ሲቋረጥ፥ ከቡናማ የባሕር አረም የሚወጣው አልጂኔት ቦታውን ያዘ። በ1950ዎቹ ፖሊሰልፋይድና የመጀመሪያው ዐይነት ሲሊኮን፥ በ1960ዎቹ ፖሊኢተር፥ በ1970ዎቹም ቪኒል ፖሊሲሎክሴን የተባለው ሁለተኛው ዐይነት ሲሊኮን ተከተሉ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት አልጂኔት ከተጨመቀ በኋላ ቢያንስ 95 ከመቶ፥ ጎማ መሰሎቹ መውሰጃዎች ቢያንስ 96.5 ከመቶ ወደ ቀድሞ ቁመታቸው መመለስ አለባቸው። ቪኒል ሲሊኮን ከ99 ከመቶ በላይ ይመለሳል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም፥ የጥርስ ልባስ ክፍተት በሚሊሜትር ክፍልፋይ የሚቈጠር ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። አልጂኔት በቀላሉ ይቀደዳል፤ ፖሊሰልፋይድ በቀላሉ አይቀደድም፥ ግን በሚገባ አይመለስም፤ ፖሊኢተር ግትር ስለ ሆነ ከአፍ ለማውጣት ያስቸግራል።

የርቀት ነገር የሚመጣው በሦስተኛው ጠባይ ነው። አልጂኔት ውሃ ያዘለ በመሆኑ፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ያብጣል። የተለመደው አልጂኔት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ባይቈይ ይመረጣል። ስለዚህ በሲሪንቃ አካባቢ የተወሰደ የአልጂኔት ልክ አዲስ አበባ ወዳለ የጥርስ ሥራ ቤት ቢላክ፥ ሲደርስ የበሽተኛው ልክ መሆኑ ይቀራል፤ የተሠራውም ጥርስ አይገጥምም፤ ድካሙም ወጪውም በበሽተኛው ላይ ይደገማል። ቪኒል ሲሊኮን ግን ሲረጋ የሚተን ትርፍ ነገር ስለማይወጣው ለብዙ ቀናት መጠኑን ጠብቆ ይጓዛል።

ይሁን እንጂ ሲሊኮን ውድ ነው። አልጂኔት የሚጠቀም ሐኪም ጀሶውን እዚያው አፍስሶ፥ የጠነከረውን ምስል ቢልክ ብዙ ችግር ይቃለላል። ጀሶ ደግሞ በዓባይ ሸለቆ በብዛት የሚገኝ ድንጋይ ነው፤ ለጥርስ ሥራ የሚውለው ግን በልዩ ጥንቃቄ የተዘጋጀ መሆን ይገባዋል።

ነጋዴውም የራሱ ድርሻ አለው። የአልጂኔት ዱቄት በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፤ ስለዚህ ቆርቆሮው በደንብ ተከድኖ በቀዝቃዛና በደረቅ መጋዘን ይቀመጥ። ከላቴክስ ጓንት የሚወጣ ድኝ ቪኒል ሲሊኮን እንዳይረጋ ስለሚከለክል፥ ሲሊኮን ለሚገዛ ደንበኛ ሌላ ዐይነት ጓንት ማቅረብ ይገባል። የሕክምና መሣሪያ አስመጪ በ2011 ዓ.ም. የወጣውን የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 ማወቅ አለበት።

እንግዲህ ለክፍለ ሀገር ደንበኛ ዕቃ የሚያዘጋጅ ነጋዴ ከዋጋው አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ልኩ የሚወሰደው ለምን ዐይነት ሥራ ነው? ጀሶውስ የሚፈስሰው የት ነው? መልሱን ያወቀ ነጋዴ ተገቢውን ዕቃ ያቀርባል፤ ደንበኛውም ተመልሶ ይመጣል።