ከመኖ በፊት ብርሃን፤ የዓሣ ኩሬ በክንድ ሲለካ

ዶሮ ሲጮኽ ወደ ኩሬው የወረደ አርሶ አደር ዓሦቹ በሙሉ ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ ያያል። የራባቸው መስሎት አንድ እፍኝ ፉርሽካ ይበትንላቸዋል፤ አይበሉም። ፀሐይ ወጥታ ጥቂት ሰዓት ስትቆይ ዓሦቹ ወደ ታች ይመለሳሉ፤ እሱም ነገሩን ይረሳዋል። እንዲህ ሲደጋገም ሰንብቶ በአንዱ ማለዳ ትልልቆቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ይገኛሉ። ያኔ ጥርጣሬው ይጀምራል። ውሃው ተመርዞ ይሆን? በሽታ ገብቶ ይሆን? ጎረቤት በክፉ ዐይን መተያየትም ይከተላል።

አብዛኛውን ጊዜ ግን መርዝም በሽታም የለም። ችግሩ ያለው ኩሬው ከሚያገኘው ብርሃንና በዚያ ብርሃን ከሚበቅሉት ደቃቅ እፅዋት ላይ ነው። ብርሃኑን መቆጣጠር ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ክንድ፣ አንድ የቆርቆሮ ክዳንና ጥቂት ሲባጎ ያለው አርሶ አደር ሊሠራው ይችላል።

ብርሃን በውሃ ውስጥ ምን ይሠራል?

የኩሬ ውሃ አረንጓዴ የሚመስለው በውስጡ በዐይን የማይለዩ እጅግ ብዙ ደቃቅ እፅዋት ስላሉበት ነው። ባለሙያዎች አልጌ ይሏቸዋል። እንደ ማሳ ሰብል ሁሉ እነርሱም ለማደግ ብርሃንና ማዳበሪያ ይፈልጋሉ። በአገራችን በጣና፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች የሚታወቀው ቆሮሶ ወይም ቲላፒያ ዋና ምግቡ አልጌ ነው። ስለዚህ ብርሃን በደንብ የሚገባበትና በልክ የተዳበረ ኩሬ ለቆሮሶ ራሱ መኖ ያመርታል። ከውጭ የሚጨመረው መኖ ድጋፍ እንጂ መነሻ አይሆንም።

አልጌ ሁለተኛ ሥራም አለው። ቀን ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫል፤ ዓሣ የሚተነፍሰውም በአመዛኙ ይህንኑ ነው። ሌሊት ብርሃን ሲጠፋ ግን አልጌው ራሱ ከዓሣው ጋር ኦክስጅን ይሻማል። በመሆኑም በኩሬ ውስጥ ኦክስጅን ከሁሉም ይበልጥ የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው። አልጌው ከልክ በላይ ከበዛ የሌሊቱ ፍጆታ ቀን ከተመረተው ይበልጥና ዓሣው ይታፈናል። በማለዳ ወደ ውሃው ፊት መውጣቱ አየር ፍለጋ ነው።

ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ አንድ ምልክት አለ። አምባዛ ከውሃ በላይ ያለውን አየር መተንፈስ ስለሚችል የኦክስጅን እጥረትን ይቋቋማል። በአንድ ኩሬ ቆሮሶው አልቆ አምባዛው ከተረፈ፣ እንዲሁም ከቆሮሶው ቀድመው የሞቱት ትልልቆቹ ከሆኑ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኦክስጅን እጥረት ነው።

ክንድና የቆርቆሮ ክዳን

በ1865 እ.ኤ.አ. ፒዬትሮ አንጄሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ሳይንቲስት የባሕርን ጥራት የሚለካው ክብ ሰሐን ወደ ውሃ በማውረድ ነበር። መሣሪያው ሴኪ ዲስክ ተብሎ እስከ ዛሬ በዓሣ ምርምር ማዕከላት ይሠራበታል። ለኩሬ የሚሆነውን ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላል።

20 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ የቆርቆሮ ክዳን ይወሰድና ፊቱ በአራት እኩል ይከፈላል። ሁለቱ ተቃራኒ ክፍሎች ነጭ፣ ሁለቱ ጥቁር ቀለም ይቀባሉ። መሐሉ ይበሳና ሲባጎ ይታሰርበታል፤ እንዲሰምጥ ከሥሩ ድንጋይ ይንጠለጠላል። በሲባጎው ላይ ከሰሐኑ ጀምሮ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ ይደረጋል። ሰሐኑ ቀስ እያለ ወደ ውሃ ወርዶ ከዐይን ሲሰወር የት ቋጠሮ ላይ እንደደረሰ ይታያል። ልኬቱ የሚወሰደው ፀሐይ ባለበት ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ሰሐን ካልተገኘ ክንድ ይበቃል። መዳፍን አጥፎ ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ውሃ ማስገባት ነው። ውሃው ክርን አካባቢ ሲደርስ መዳፍ ከዐይን ከተሰወረ ኩሬው መልካም ነው። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ ግን በሰሐን መለካቱ ይመረጣል።

ውጤቱ እንዲህ ይነበባል። ሰሐኑ ከ25 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ከጠፋ ብርሃኑና አልጌው ተመጣጥነዋል። ከ40 በላይ ወርዶም ከታየ ውሃው ድሃ ነው፤ ዓሣው ምግብ ያጥረዋል። ከ25 በታች ከጠፋ ፍግ መጨመር ይቆማል። ከ20 በታች ከሆነ ደግሞ ማለዳ ማለዳ ኩሬውን መጎብኘትና አዲስ ውሃ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ብርሃን ለእፅዋት በሚበቃ መጠን የሚደርሰው ሰሐኑ ከጠፋበት ጥልቀት ሁለት እጥፍ ያህል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ድረስ ነው። ሰሐኑ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ በጠፋበት ኩሬ ከጉልበት በታች ያለው ውሃ ጨለማ ነው ማለት ነው።

ያልጠራው ሁሉ አረንጓዴ አይደለም

ሰሐኑ ቶሎ ሲጠፋ ምክንያቱ አልጌ ወይም ጭቃ ሊሆን ይችላል፤ መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። ለመለየት ውሃውን በጠራ የፕላስቲክ ጠርሙስ ቀድቶ ሳይነኩ ማሳደር ነው። ጠዋት ከሥሩ አፈር ዘቅጦ ላዩ ከጠራ የገባው ደለል ነው። ቡናማ ሆኖ ካልጠራም የማይዘቅጥ ደቃቅ ሸክላ አለበት። አረንጓዴ እንደሆነ ከቆየ አልጌ ነው።

ጭቃ ብርሃንን ይጋርዳል እንጂ ኦክስጅንም ምግብም አይሰጥም። በጭቃ የደፈረሰ ኩሬ ላይ ፍግ መጨመር ፍጉን ማባከን ነው። መጀመሪያ ከኩሬው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቆፈራል፣ ዳርቻው በሣር ይሸፈናል፣ ከብት ገብቶ እንዳያማስለው ይታጠራል።

አረንጓዴነቱ ያነሰ ኩሬ ግን ፍግ ይፈልጋል። 10 ሜትር በ10 ሜትር ለሆነ ኩሬ በሳምንት 10 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ የከብት ፍግ፣ የዶሮ ከሆነ የዚህን ግማሽ፣ እንደ መነሻ መውሰድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ልኩን የሚወስነው ሰሐኑ ነው። ፍጉን በአንድ ጊዜ ከመድፋት በኩሬው ጥግ በእንጨት በታጠረ ቦታ ማስቀመጡ ይሻላል፤ ቀስ እያለ ይሟሟል። በጂኦሜምብሬን የተነጠፈ ኩሬ ከአፈር የሚያገኘው ንጥረ ነገር ስለሌለ ፍጉን ይበልጥ ይፈልጋል።

አልጌው ከልክ በላይ ሲበዛ ፍግና መኖ ይቆማል፤ ከኩሬው ውሃ ከፊሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካል። አዲሱ ውሃ ከፍ ካለ ቦታ እየተንፏፏ ቢገባ አየር ይዞ ይገባል። የሚወጣው አረንጓዴ ውሃ ደግሞ መደፋት የለበትም፤ ለጎመንና ለሽንኩርት ማሳ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። በክረምት ሰማዩ ለቀናት በደመና ሲሸፈን አልጌው ቀን የሚያመርተው ኦክስጅን ስለሚቀንስ በእነዚያ ቀናት መኖና ፍግ መቀነስ ይገባል።

ብርሃን የሚመረጠው ኩሬው ሲቆፈር ነው

ኩሬ ከተቆፈረ በኋላ ብርሃን መጨመር አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ምርጫው በቁፋሮው ቀን ይጀምራል። ከሁሉም በላይ የምሥራቁ አቅጣጫ ክፍት ይሁን። ኦክስጅን እጅግ ያነሰው ማለዳ በመሆኑ የጠዋት ፀሐይን የሚጋርድ የባሕር ዛፍ ረድፍ ዓሣውን ለተጨማሪ ሰዓታት ያስጨንቃል። የሚረግፈው ቅጠልም ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል።

ጥልቀቱም ከብርሃን ጋር ይያያዛል። ከ60 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ጥልቀት ባለው ዳርቻ ብርሃን እስከ ወለሉ ስለሚደርስ ከሥር አረም ይበቅላል፤ አረሙ ማዳበሪያውን ይሻማል፣ ለቀንድ አውጣና ለወባ ትንኝም መጠለያ ይሆናል። ዳርቻው ጥልቅ፣ መሐሉ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ተኩል ቢሆን ይመረጣል።

በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ደግሞ ጣሪያ ማለት ነው። እምቦጭ በጣና ሐይቅ ላይ ያደረሰውን ያየ ሰው በኩሬው አንዲት ዘለላ እንኳ አያስገባም። ለመኖ ተብሎ አዞላ የሚያለማም ከዓሣው ኩሬ ለይቶ በሌላ ጥልቀት የሌለው ገንዳ ያልማ፤ ኩሬውን በሙሉ ከሸፈነው ብርሃን ይዘጋል።

አምፖል የሚያስፈልገው የት ነው?

ኩሬ ላይ አምፖል መስቀል ሌባ ለመጠበቅ ወይም ሌሊት ነፍሳትን ስቦ ለዓሣ ለመመገብ ሊጠቅም ይችላል። አልጌ ለማሳደግ ግን አይሆንም። የቀትር ፀሐይ ወደ 100 ሺህ ሉክስ ብርሃን ስትሰጥ የቤት አምፖል ጠረጴዛ ላይ የሚያደርሰው ጥቂት መቶ ሉክስ ብቻ ነው። ለዚህ ዓላማ የሶላር መብራት መግዛት ገንዘብን ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

አምፖል የሚያስፈልገው በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ የመስታወት ገንዳ ነው። አንዳንድ የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከላትና ትምህርት ቤቶች ዓሣና የውሃ ተክል ለማሳየት እንዲህ ያለ ገንዳ ማዘጋጀት ይፈልጋሉ። ለዚህም ቢሆን ውድ የተባለ የተክል መብራት አያስፈልግም። ርዝመቱ 60፣ ከፍታው ከ40 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ገንዳ በየሱቁ በሚሸጥ ነጭ የኤልኢዲ አምፖል ይበቃዋል። ማሸጊያው ላይ 6500 የሚል ቁጥር ያለበት የቀን ብርሃን ዓይነት፣ ከ9 እስከ 12 ዋት የሆነ፣ ብርሃኑን ወደ ታች የሚመልስ ክዳን ተደርጎለት ይሰቀላል። ተክሉ ትንሽ ብርሃን የሚበቃው ዓይነት መሆን አለበት፤ በጣና የሚገኙት ሴራቶፊለምና ቫሊስኔሪያ ለዚህ ይስማማሉ።

መብራቱ በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይበራል። መስታወቱ አረንጓዴ መልበስ ከጀመረ ሰዓቱን መቀነስ ነው እንጂ ሌላ አምፖል መግዛት አይደለም። ገንዳው ፀሐይ በቀጥታ በሚገባበት መስኮት አጠገብ አይቀመጥ። ኤሌክትሪክና ውሃ አብረው ስላሉም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ገመዱ ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረግ፤ እጅ ወደ ውሃ ከመግባቱ በፊትም መብራቱ ይነቀል።

ከወረዳ ምን ይጠበቃል?

በየቀበሌው ኩሬ ሲቆፈር ሪፖርት የሚደረገው የኩሬው ብዛትና የገባው የዓሣ ጫጩት ቁጥር ነው። ዓሣው ግን በቁጥር አያድግም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጫጩት ከማከፋፈላቸው በፊት ሦስት ነገር ቢያረጋግጡ ብዙ ኪሳራ ይቀራል። ኩሬው የጠዋት ፀሐይ ያገኛል? የጎርፍ መቀልበሻ አለው? ባለቤቱ በሰሐን ወይም በክንድ መለካት ተምሯል? የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም በእያንዳንዱ ጉብኝት ልኬቱን በደብተር ቢይዝ የአንዱ ኩሬ ልምድ ለሌላው ይተርፋል። የሚከብድ ነገር ሲገጥም የባሕር ዳርና የሰበታ የዓሣና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላትን ማማከር ይቻላል።

ዓሣ ሞቶ ከተገኘም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጎረቤቱ ሳይሆን ሰሐኑ ነው። ቆርቆሮና ቀለም እስኪገኝ ደግሞ ክንድ አለ፤ ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ ኩሬው ወርዶ መለካት ይቻላል።