ፔራ ፓላስ፦ ዕዳው አልቆ ሆቴሉ የቀረበት ኮረብታ

ከመርካቶ ኢስታንቡል የሚመላለስ የልብስ ነጋዴ ከተማዋን የሚያውቃት በላሌሊ ሰፈር በኩል ነው። ከአውሮፕላን እንደወረደ ላሌሊ ካሉት መለስተኛ ሆቴሎች በአንዱ ሻንጣውን ይጥላል፤ ሁለት ሦስት ቀን የጅምላ መደብሮቹን ሲያዳርስ ይሰነብታል፤ ዕቃውን ለካርጎ አስረክቦ ይመለሳል። ለእሱ ኢስታንቡል ማለት ሱሪ፣ ጫማና መጋረጃ ናት።

ከላሌሊ በትራም ግማሽ ሰዓት እንኳ በማይሞላ መንገድ፣ ከወርቃማው ቀንድ ወሽመጥ ማዶ፣ የኦቶማን መንግሥት የገንዘብ ገበያ የነበረ ኮረብታ አለ። የታችኛው ወገኑ ገላታ፣ የላይኛው ፔራ ይባል ነበር። በላይኛው ወገን የቆመው ፔራ ፓላስ ሆቴል እንግዳ መቀበል ከጀመረ ከአንድ መቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። የአንድ ሌሊት ሒሳቡ ከላሌሊ አልጋ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ሥራውን ጨርሶ አንድ ቀን የተረፈው ነጋዴ እዚህ የሚያገኘው ትምህርት በቀላሉ በሌላ ቦታ አይገኝም። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለባቡር መንገደኛ የተሠራ ቤት

ሆቴሉን የወለደው ባቡር ነው። ዋጎን ሊ የተባለው የመኝታ ባቡር ኩባንያ ኦሪየንት ኤክስፕረስን በ1883 ከፓሪስ አስነሳ። በ1889 ደግሞ መንገደኛው ባቡር ሳይቀይር ኢስታንቡል መድረስ ቻለ። ችግሩ ከደረሰ በኋላ ነበር። የፓሪስና የቪየና ሆቴሎችን ምቾት የለመደ ሀብታም መንገደኛ በኢስታንቡል ያንን የሚመጥን ማረፊያ አያገኝም።

ሕንፃውን የነደፈው ኢስታንቡል ተወልዶ ፓሪስ የተማረው አሌክሳንድር ቫሎሪ ነው። ግንባታው በ1892 ተጀምሮ በ1895 በታላቅ የዳንስ ግብዣ ተመረቀ። ከቤተ መንግሥት ውጭ ኤሌክትሪክ ከገባላቸው የከተማዋ የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች አንዱ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ አሳንሰርና ሙቅ ውኃም ነበረው። እንግዶቹ ከሲርኬጂ ባቡር ጣቢያ የሚመጡት ሰዎች በሚሸከሙት ባለ ሽፋን ወንበር ተቀምጠው ነበር፤ ከወንበሮቹ አንዱ ዛሬም በሆቴሉ ውስጥ ለእይታ ቆሟል።

ዛሬ ሆቴሉ 115 ክፍሎች አሉት። በብረትና በእንጨት የተሠራው አሮጌ አሳንሰር አሁንም ከመሀል ደረጃው አጠገብ ይታያል። የወርቃማውን ቀንድ ወገን የሚያዩት ክፍሎች ወደ ማታ ፀሐይ ከአሮጌው ከተማ ጀርባ ስትጠልቅ ያሳያሉ። ክፍል ለመያዝ አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ከሰዓት በኋላ ጉልላቶች ባሉት ኩበሊ ሳሎን ሻይ አዝዞ ቢቀመጥ የቤቱን መንፈስ ያገኘዋል። አታቱርክ ያርፍበት የነበረው ክፍል ቁጥር 101 ከ1981 ጀምሮ ሙዚየም ሆኗል። ክፍል ቁጥር 411 ደግሞ በእንግሊዛዊቷ ደራሲ በአጋታ ክሪስቲ ስም ይታወቃል፤ በ1934 የታተመውን የኦሪየንት ኤክስፕረስ ግድያ ልብ ወለዷን እዚያው ጻፈችው እየተባለ ይነገራል። አባባሉ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ለክፍሉ ገበያ አምጥቶለታል።

ከፓሪስ ኢስታንቡል ድረስ ሳይቀያየር ይመጣ የነበረው ባቡር በ1977 ቆመ። ደንበኛውን ሁሉ ያመጣለት መስመር ሲዘጋ ሆቴሉም አብሮ መዘጋት ነበረበት፤ ግን አልሆነም። ቤቱ እያረጀ ቆይቶ ከ2008 እስከ 2010 በ23 ሚሊዮን ዩሮ ታደሰ። በ2022 ደግሞ በሆቴሉ ስም የተሠራ የቱርክ ተከታታይ ፊልም በኔትፍሊክስ ለዓለም ታየ። ባቡሩ የለም፤ ሆቴሉ ግን የባቡሩን ዝና በአዳር እየቸረቸረ ይኖራል።

የአንድ እጅ ሦስት ሕንፃዎች

ከሆቴሉ ወጥቶ ጥቂት የተራመደ ሰው ለእግረኛ ብቻ ወደተተወው ወደ ኢስቲክላል ጎዳና ይደርሳል። በጎዳናው ጫፍ ያለው ቱኔል የሚባለው የመሬት ውስጥ ባቡር በጥር 1875 የተከፈተ ሲሆን፣ በከተማ ውስጥ ከሚሠሩት መካከል ከ1863ቱ የለንደን መስመር ቀጥሎ በዕድሜ ሁለተኛ ነው። ርዝመቱ 573 ሜትር ብቻ ነው። ታች ገላታ የሚሠሩትን ነጋዴዎችና ባንከኞች ዳገቱን ከመውጣት ገላገላቸው።

በእግር የሚወርድ ግን የበለጠ ያያል። የጄኖዋ ነጋዴዎች በ1348 ያቆሙት የገላታ ግንብ በመንገዱ ላይ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል የካሞንዶ የባንክ ቤተሰብ ያሠራው ጠመዝማዛ ደረጃ ወደ ባንካላር ጎዳና ያወርዳል፤ ትርጉሙም “የባንኮች ጎዳና” ማለት ነው። ከሁሉም ገዝፎ የሚታየው በ1892 የተመረቀው የኦቶማን ባንክ ሕንፃ ነው። ይህንንም የነደፈው ቫሎሪ ነው። ወደ ጎዳናው የዞረውን ፊት በአውሮፓ ወግ፣ ወደ አሮጌው ከተማ የዞረውን ጀርባ በምሥራቅ ወግ አሠራው። የባንኩ ነገርም እንደ ሕንፃው ነበር፤ ካፒታሉ የእንግሊዝና የፈረንሳይ፣ ሥራው ግን ለኦቶማን መንግሥት ገንዘብ ማተም።

ከባንካላር የገላታን ድልድይ ተሻግሮ፣ ዓሣ አጥማጆቹን አልፎ፣ በኤሚኖኑ የተፈጨ ቡና ለመግዛት የተሰለፈውን ሰው ትቶ ወደ ጃሎግሉ ዳገት የወጣ ሦስተኛውን ሕንፃ ያገኛል። በ1897 የተሠራው ይህ ግዙፍ ቤት የኦቶማን የሕዝብ ዕዳ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ነበር። ነዳፊው አሁንም ቫሎሪ ነው። እንግዳ የሚያሳድረውን፣ ብር የሚያበድረውንና ዕዳ የሚሰበስበውን ቤት አንድ ሰው ነደፋቸው።

ዕዳው ከሜዳ አልመጣም

የኦቶማን መንግሥት የመጀመሪያውን የውጭ ብድር የወሰደው በ1854 ለክሪሚያ ጦርነት ነበር። ከዚያ በኋላ ብድር በብድር ላይ ተደራረበ፤ ከፊሉ ቤተ መንግሥት ተሠራበት፤ ከፊሉም የአሮጌውን ብድር ወለድ ለመክፈል ዋለ። ያ የመሬት ውስጥ ባቡር በተመረቀበት በ1875፣ በጥቅምት ወር፣ መንግሥት ከወለዱ ግማሹን ብቻ በጥሬ ገንዘብ እንደሚከፍል አስታወቀ። ብዙም ሳይቆይ ያንንም ማድረግ አቃተው።

በ1881 ከአበዳሪዎቹ ጋር የተደረሰው ስምምነት የሕዝብ ዕዳ አስተዳደርን አቋቋመ። የጨው፣ የትምባሆ፣ የቴምብር፣ የመጠጥ፣ የዓሣና የሐር ገቢ በአበዳሪዎቹ ወኪሎች እጅ ገባ። እንግዲህ ፔራ ፓላስ የተመረቀው አገሪቱ በጨዋ ላይ የምታገኘውን ግብር እንኳ ራሷ በማትሰበስብበት ዘመን ነበር። አዳራሹን የሞሉት እንግዶችም በአብዛኛው ብር ይዘው የሚመጡ እንጂ ዕዳ የሚከፍሉ አልነበሩም።

መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላም ዕዳው አልፈረሰም። በ1923 የሎዛን ውል ለተተኪ አገሮች ሲያከፋፍለው ትልቁ ድርሻ በቱርክ ሪፐብሊክ ላይ ወደቀ። የመጨረሻው ክፍያ የተፈጸመው በ1954 ነው። ከመጀመሪያው ብድር ሲቆጠር ልክ መቶ ዓመት መሆኑ ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ይህን ታሪክ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ሊያየው አይችልም። በ1905 የተቋቋመው የአቢሲንያ ባንክ በግብፅ ብሔራዊ ባንክ በኩል የተሰጠ የሃምሳ ዓመት ውል ነበር፤ ውሉ ሳያልቅ በ1931 ተቋርጦ በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። በቅርቡ ዘመን ደግሞ አገሪቱ በታኅሣሥ 2014 የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ለዓለም ገበያ ሸጣ፣ በታኅሣሥ 2023 የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች። በባንካላር ጎዳና የሚያልፍ ኢትዮጵያዊ ነጋዴ የድንጋዩን ጥርብ ብቻ አይቶ ማለፍ ይከብደዋል።

ከሦስቱ ማን ቀረ?

መንገዱ ቀላል ነው። ከላሌሊ ትራሙን ይዞ ካራኮይ መውረድ፣ በቱኔል ወደ ላይ መውጣት፣ ሻይውን በፔራ ፓላስ ጠጥቶ ቁልቁል መመለስ ነው። ዳገት የማይወድ ሰው ከላይ ወደ ታች ቢሄድ ይሻለዋል። ጥሩ ጫማ ያደረገ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅበትም፤ ሲመለስ ትራሙ በታላቁ ገበያ በር ስለሚያልፍ የቀረችውን ዕቃ መግዣ ጊዜም ይተርፈዋል።

በመንገዱ የሚያያቸው ሦስት ሕንፃዎች ዛሬ ሦስት የተለያየ ዕጣ ላይ ናቸው። የኦቶማን ባንክ በ2001 ከሌላ ባንክ ጋር ተዋሕዶ ስሙ የጠፋ ሲሆን፣ ሕንፃው ከ2011 ጀምሮ የባህል ማዕከልና ሙዚየም ነው። የዕዳ አስተዳደሩ ቤት ከ1933 ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆኗል፤ የአገር ግብር ይቆጠርበት በነበረው ክፍል ተማሪ ሒሳብ ይማርበታል። አበዳሪውም ዕዳ ሰብሳቢውም ሄደዋል። በተሠራበት ሥራ ላይ የቀረው፣ ዛሬም ማታ ቁልፍ እየሰጠ ጠዋት ሒሳብ የሚቀበለው፣ እንግዳ ማሳደሪያው ብቻ ነው።