ያመለጠ ክትባት ካቆመበት ይቀጥላል

ወረርሽኝ በቀጥታ ከሚያደርሰው ሕመምና ሞት ሌላ፣ ሰዎች በሽታውን ፈርተው ከጤና ተቋማት በመራቃቸው የሚመጣ ጉዳት አለ። በ2006 እና በ2007 ዓ.ም. ምዕራብ አፍሪካን የመታው ኢቦላ የሕፃናትን መደበኛ ክትባት በማስተጓጎሉ በጊኒና በላይቤሪያ ኩፍኝ ተቀሰቀሰ። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊት ሪፐብሊክም ኢቦላ ከ2,200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ኩፍኝ ከጥር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ዓመት ገደማ ብቻ ከ6,000 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ አብዛኞቹም ሕፃናት ነበሩ። የኩፍኝ ክትባት ግን ጥቅም ላይ ከዋለ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በተገኘ ጊዜ፣ በሚያዝያ ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ እንዲራዘም ተደረገ። ከዚያ በላይ መዘግየቱ አደገኛ በመሆኑ በሰኔ ወር ማብቂያ ተጀምሮ፣ የጥንቃቄ ደንቦች ተጠብቀው፣ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕፃናት ክትባቱ ተሰጠ። ይሁን እንጂ ዘመቻ መደበኛውን ክትባት አይተካም። በዘመቻው የኩፍኝ ክትባት ያገኘ ሕፃን፣ የሳንባ ምችና የትክትክ ክትባቱ ሳይሟላለት ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

በወረርሽኙ ወቅት ብዙ ወላጆች ያነሡት የነበረው ጥያቄ፣ «ልጄን ጤና ጣቢያ ወስጄ በሽታ ከማስይዘው ቤት ባቆየው አይሻልም ወይ?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ መልስም ነበረው። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ጥቅሙንና ጉዳቱን በአፍሪካ ደረጃ አነጻጽሮ ነበር። በጥናቱ ግምት መሠረት፣ ለክትባት በሚደረግ ጉዞ በተያዘ ኮሮና ምክንያት ለሚደርስ አንድ ሞት፣ መደበኛው ክትባት ባለመቋረጡ የ84 ሕፃናት ሞት ይቀራል። ኮሮና የሚያሰጋው ከሕፃኑ ይልቅ በቤት ያሉትን አረጋውያን ስለነበረ፣ ሕፃኑን ለማስከተብ አያት ባይወጡ፣ እናት ወይም አባት ብቻ ጭምብል አድርገው ቢመጡ፣ ሲመለሱም እጃቸውን በሳሙና ቢታጠቡ የተሻለ ነበር። በቤቱ በኮቪድ-19 የተያዘ ሰው ካለ ወይም ሕፃኑ ራሱ ምልክት ካሳየ፣ የለይቶ ማቆያው ጊዜ እስኪያበቃ መጠበቅ ይገባ ነበር። ይህ ቀጠሮውን ለጥቂት ቀናት ማሸጋገር እንጂ መሰረዝ አልነበረም።

የክትባት ፕሮግራሙ በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር የሚከላከላቸው በሽታዎች ስድስት ነበሩ፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻና ኩፍኝ። ዛሬ ሕፃኑ እንደተወለደ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ የሆነውን ቢሲጂ በክንዱ፣ የልጅነት ልምሻን የሚከላከለውን ጠብታ ደግሞ በአፉ ያገኛል። በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት አምስት በሽታዎችን በአንድነት የሚከላከለው ፔንታቫለንት፣ ለሳንባ ምች የሚሰጠው ፒሲቪ እንዲሁም የልምሻው ጠብታ ይሰጡታል። ከባድ ተቅማጥ ለሚያስከትለው ሮታ ቫይረስ የሚሰጠው ክትባት በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት ሲሆን፣ በአሥራ አራተኛው ሳምንት የልምሻ ክትባት በመርፌም ይጨመራል። ኩፍኝ በ9 ወር አንድ ጊዜ፣ በ15 ወር ሁለተኛ ጊዜ ይከተባል።

«ስድስተኛ ሳምንት» የሚለው አነጋገር በእኛ አቆጣጠር ለማስላት እንደማይመች የታወቀ ነው። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ስድስት ሳምንት ማለት አንድ ወር ከ12 ቀን፣ አሥር ሳምንት ሁለት ወር ከ10 ቀን፣ አሥራ አራት ሳምንት ደግሞ ሦስት ወር ከ8 ቀን ነው። የወንድ ልጅ ክርስትና በ40ኛው ቀን በሚከበርበት አካባቢ የመጀመሪያው ቀጠሮ ከክርስትናው ሁለት ቀን በኋላ ይውላል። የሴት ልጅ ክርስትና ግን በ80ኛው ቀን ስለሆነ፣ እናቲቱ እስከዚያ ከቤት ሳትወጣ ከቆየች ሁለት ቀጠሮዎች ያልፋሉ። ልማዱን መንቀፍ አያስፈልግም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መውለዷን አስቀድማ እንድታውቅና ቤት ድረስ እንድትመጣ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ቀኖቹን በአንድ ቦታ ላይ እንያቸው። ግምጃ ቤት የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። እንደ ሌላው የአዊ ደጋ ሁሉ ክረምቱ ብርቱ፣ ጭቃውም ከባድ ነው። በዙሪያዋ ካሉት ቀበሌዎች በአንዱ ግንቦት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የተወለደች ሕፃን አለች እንበል። ሦስቱ ቀጠሮዎቿ ሰኔ 27፣ ሐምሌ 25 እና ነሐሴ 23 ይውላሉ። ሦስቱም በክረምት፣ ሦስቱም ሰው ኮሮናን በሚፈራበት ወቅት ናቸው። የኩፍኝ የመጀመሪያ ቀጠሮዋ የካቲት 15 ቀን 2013 ሲሆን፣ ሁለተኛው ነሐሴ 15 ይሆንና እንደገና ዝናብ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ዓይነቷ ሕፃን የመጀመሪያውን ቀጠሮ ብቻ ተከትባ ብትቀር የእናቷን ቸልተኝነት ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። ከወረርሽኙም በፊት ቢሆን፣ በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው የአገራችን ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ ያገኙት 43 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ይህች ሕፃን በጥቅምት 2014 ዓ.ም.፣ በ17 ወሯ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ብትመጣ ምን ይደረግላታል? እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት መታረም አለበት። ብዙ ወላጆች «ጊዜው ስላለፈ ከእንግዲህ አይሰጣትም» ወይም «ከመጀመሪያው ይጀመርባታል» ብለው ስለሚያስቡ ይቀራሉ። ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሰውነት የመጀመሪያውን ክትባት አይረሳም፤ የዘገየው ቀጣዩ ክትባት ሲሰጠው ከዚያው ይቀጥላል። ስለዚህ ያን ዕለት ሁለተኛውን ፔንታቫለንት፣ ሁለተኛውን ፒሲቪና የልምሻውን ጠብታ ታገኛለች። ሁለት ዓመት ስላልሞላት የሮታ ሁለተኛ ክትባትም አላለፋትም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን አይሰጥም። የኩፍኝ የመጀመሪያ ክትባትና በመርፌ የሚሰጠው የልምሻ ክትባትም በዚያው ቀን ሊሰጧት ይችላሉ። ከዚያ ቢያንስ አራት ሳምንት ቆይታ የቀሩትን፣ ሁለተኛውን የኩፍኝ ክትባት ጨምሮ፣ ትወስዳለች። መዘግየቱ የሚያሳጣት ያልተከተበችባቸውን ወራት ጥበቃ ነው፤ የተወሰደው አይጠፋም። በአንጻሩ ከአራት ሳምንት በታች ማቀራረብ ክትባቱን ስለሚያደክም፣ «ቶሎ እንዲያልቅላት» ብሎ ባለሙያን ማስቸገር አይጠቅምም።

በአንድ ቀን በርካታ መርፌ መወጋቷ እናትን ያሳስባት ይሆናል። ክትባቶቹ በተለያየ የሰውነት ክፍል ስለሚሰጡ አንዱ የሌላውን ሥራ አያደናቅፍም፤ ሕፃኗን ለየብቻው አራት ጊዜ በጭቃ ከማመላለስ አንድ ቀን ማልቀሷ ይሻላል። ማታ ትኩሳት ወይም በተወጋችበት ቦታ እብጠት ቢታይ በአብዛኛው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይለቃታል።

ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት የተጨመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለምን እንዳስፈለገ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በ9 ወራቸው ከተከተቡ 100 ሕፃናት መካከል ሰውነታቸው በቂ መከላከያ የሚያዳብረው 85 ያህሉ ናቸው። የቀሩት 15 ካርዳቸው ላይ «ተከትቧል» ቢጻፍም አልተጠበቁም፤ ማናቸው እንደሆኑም በዓይን አይለይም። አንድ የኩፍኝ ታማሚ ባልተከተበ ማኅበረሰብ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰዎችን ሊያስይዝ ይችላል፤ ቫይረሱም ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እስከ ሁለት ሰዓት በአየር ላይ ይቆያል። በሽታው እንዳይዛመት ከመቶው 95ቱ መጠበቅ ስላለባቸው አንድ ክትባት አይበቃም። በ15 ወር ቀጠሮ የሚቀሩት ሕፃናት በ9 ወር ከሚቀሩት ስለሚበዙ፣ ይህን ቀጠሮ በተለይ ማስታወስ ይገባል።

የክትባት ካርድ ቢጠፋ አትቅሩ። ጤና ኬላው ወይም ጤና ጣቢያው የራሱ የክትባት መዝገብ ስላለው የሕፃኑን ስምና የተወለደበትን ጊዜ በመንገር ማስፈለግ ይቻላል። በክንድ ላይ የቀረ የቢሲጂ ጠባሳም ይረዳል፤ ጠባሳ አለመኖሩ ግን አለመከተቡን አያረጋግጥም። ከመዝገብም ካልተገኘ ባለሙያው እንዳልተከተበ ቆጥሮ ይከትበዋል። አንድ ክትባት ቢደገም ጉዳት የለውም፤ ቢጎድል ግን ጉዳት አለው።

ሌላው መሰናክል የክትባት ቀን ነው። የኩፍኝና የቢሲጂ ክትባት ዱቄት ከማሟሟያው ጋር ከተቀላቀለ ከስድስት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ አንድ የኩፍኝ ብልቃጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለአሥር ሕፃናት የሚበቃ ነው። ጤና ኬላዎች የክትባት ቀን የሚወስኑት በዚህ ምክንያት ነው። እናቶች ቀኑን አስቀድመው ከባለሙያዋ ቢጠይቁ፣ ጎረቤታሞችም ተራርቀው እንጂ ተያይዘው በአንድ ቀን ቢመጡ ጥሩ ነው። ለባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ፦ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች እናት «ሰው ሲሞላ ተመለሽ» ተብላ ከተሰደደች ላትመለስ ትችላለች። ለአንድ ሕፃን ብልቃጥ ከፍቶ ዘጠኙን ማስወገድ ብክነት ይመስላል፤ ከአንድ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ሕክምና ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው። አማርኛ በደንብ ለማይሰሙ እናቶችም የሚቀጥለው ቀጠሮ በአዊኛ ሊነገራቸው ይገባል።

ጉንፋን፣ ቀላል ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ለመቅረት ምክንያት አይሆንም። የተመጣጠነ ምግብ ያጣና የከሳ ሕፃን ከሌላው ይልቅ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ኩፍኝ በእርሱ ላይ ይበረታልና። ሆስፒታል የሚያስተኛ ከባድ ሕመም ያለበት ወይም ከቀድሞ ክትባት በኋላ አንቀጥቅጦት የነበረ ሕፃን ግን ከመከተቡ በፊት ለባለሙያው ይነገር።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ይሰጥ የነበረው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ በመጀመሪያ በስድስት ወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ይወሰድ ነበር። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ሲዘጉ ሁለተኛው ያመለጣት ልጅ፣ ጊዜው ቢያልፍም ሁለተኛውን ብቻ ትወስድ ነበር።

ለአዋቂዎች የሚሰጠው ዋናው መደበኛ ክትባት ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የሚወስዱት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ነው። አምስት ጊዜ ይሰጣል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ አራት ሳምንት፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው ስድስት ወር፣ አራተኛውና አምስተኛው ደግሞ በየአንድ ዓመት ልዩነት ነው። እዚህም የተቋረጠው ካቆመበት ይቀጥላል፤ በመጀመሪያው እርግዝናዋ ሁለት የወሰደች ሴት በሁለተኛው ከሦስተኛው ትጀምራለች። አገራችን በ2009 ዓ.ም. የእናቶችንና የጨቅላ ሕፃናትን መንጋጋ ቆልፍ የማስወገድ ደረጃ ላይ ደርሳለች። ይህ ግን እንደ ፈንጣጣ ከምድር ጠፋ ማለት አይደለም። ተሕዋሲው በአፈርና በፈረስ፣ በከብት ፋንድያ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ፈረስ በየደጁ በሚታሰርበት በአዊ ምድር በቤት የወለደች፣ እትብትም በንጹሕ መሣሪያ ያልተቆረጠላት እናት ልጇን የሚጠብቅላት ይህ ክትባት ነው። በእርሻ ላይ በሚስማር ወይም በማረሻ የቆሰለ ወንድም ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ስለዚሁ ክትባት ጤና ጣቢያ ይጠይቅ።

የኮቪድ-19 ክትባት በአገራችን መሰጠት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ታማሚ በተገኘ ልክ በዓመቱ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለት ጊዜ የሚሰጠውን ዓይነት ጀምሮ የሁለተኛው ቀን ያለፈበት ሰው እንደገና አይጀምርም ነበር፤ ካርዱን ይዞ፣ ካርዱ ከጠፋም መታወቂያውን ይዞ፣ ወደ ተከተበበት ጤና ጣቢያ መሄድ ይችል ነበር። ሕፃን ልጅ ካለውም ይዞት ቢሄድ የልጁ መዝገብ በዚያው ቀን ሊታይለት ይችል ነበር።