ሹፌሩ ዞር ሳይል

ዱከምን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፈው አሮጌው የአዲስ አበባ–አዳማ መንገድ ፈጣን መንገዱ ከተከፈተ በኋላም ሥራ አልፈታም። በቁርጥ ቤቶቹ ደጃፍ ተሳቢ መኪኖች ይደረደራሉ፤ ወደ ኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን ሠራተኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። የትምህርት ቤት ሰርቪስም ሕፃናቱን ይዞ ጠዋትና ማታ የሚያልፈው በዚሁ መሀል ነው።

በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር «ዝም በሉ!» ለማለት 2 ሰከንድ ብቻ አንገቱን ቢያዞር፣ መኪናው 33 ሜትር ያህል መንገዱን የሚያይ ሰው ሳይኖር ይጓዛል። ስለዚህ ልጆቹን የሚይዝ ሌላ ሰው፣ ረዳት፣ ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ ጋቢና ከሹፌሩ ጎን ሳይሆን ከኋላ፣ ከልጆቹ መሀል መቀመጥ አለበት።

የተለመደውን ጠብ እንውሰድ። ሁለት የአንደኛ ክፍል ልጆች በመስኮት ወንበር ይጓተታሉ፤ የአንደኛው ምሳ ዕቃ ወለሉ ላይ ይወድቃል። ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «እዚሁ አውርጄህ ነው የምሄደው!» ወይም «ለፖሊስ ነው የምሰጥህ!» የሚል ነው። ልጁ ለጊዜው ይሸማቀቃል። ረዳቷ እንደማታወርደው የገባው ዕለት ግን ቃሏ ዋጋ ያጣል። ፖሊስ ማስፈራሪያ የሆነበት ልጅም መንገድ ሲጠፋበት ፖሊስ አይቶ ይሸሻል። ሥራዋን የምታውቅ ረዳት ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ና የኔ ልጅ፣ እዚህ አጠገቤ ተቀመጥ፤ ምሳ ዕቃውን መኪናው ሲቆም አብረን እናነሳለን» ትላለች። ማን እንደጀመረው አሁን አትጠይቅም። በማግስቱ ግን ገና ሳይሳፈሩ ወንበር ትደለድላለች፤ መስኮቱ ሰኞ የአንዱ፣ ማክሰኞ የሌላው ይሆናል።

ቁንጥጫና ኩርኩም በሰርቪስ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ሲታይ ይስተዋላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ግን ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ወላጅ ልጁን ለሰርቪሱ ካስረከበ፣ መኪናው ውስጥ የሚሆነውም ትምህርት ቤቱ የሚጠየቅበት ጉዳይ ሊሆን ይገባል።

ያለ ቅጣት ጸጥታ ይገኛል ወይ የሚሉ አሉ። በአውሮፓውያኑ 1981 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በተማሪዎች አውቶቡስ ላይ ይህንኑ ሞክሮት ነበር። ጫጫታው ከልክ ሲያልፍ መብራት ይበራላቸዋል፤ ጸጥታ ሲጠብቁ ደግሞ የሚወዱት ሙዚቃ ይከፈትላቸዋል። ጫጫታውም ልፊያውም በጣም ቀነሰ።

ለዱከም ልጆች መብራቱ ባይኖርም እንቆቅልሽ አለ። ከሰዓት በኋላ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የዋለ ልጅ ርቦትና ደክሞት ሲሳፈር «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ የሚሠራው ነገር ይፈልጋል። ረዳቷ «እንቆቅልሽ» ስትል፣ መኪናው ሙሉ «ምን አውቅልሽ» ይላል። መልሱ የጠፋው «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ እሱም ገላንን ወይም ቢሾፍቱን ሰጥቶ ይገላገላል። ለመስማት ዝም ማለት ግድ ስለሆነ ተቆጪ አያስፈልግም። አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች አብረው በሚሳፈሩበት መኪና ተራው ወደ ኦሮምኛው እንቆቅልሽ፣ ወደ ሂቦም ይዞራል፤ ሁልጊዜ ዝምተኛ የነበረ ልጅ ጠያቂ የሚሆንበት አጋጣሚ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በር ላይ ነው። ረዳቷ በሩን ከፍታ፣ ጓደኞቹ በመስኮት እያዩ፣ «ዛሬ ልጅሽ አስቸግሮኛል» ብላ እናቱን ትጠራለች። እናት ታፍራለች፣ ልጁ እዚያው ይመታል፤ በማግስቱም ቂም ይዞ ይሳፈራል። አቤቱታው ለክፍል ኃላፊው መምህር ቢነገርና ወላጅ ለብቻ ቢጠራ ይሻላል። ረዳቷም ልጁ ሰላም የዋለበትን ቀን ጭምር ለቤተሰቡ የመንገር ልማድ ሊኖራት ይገባል።