ለኮሌጅ ማመልከቻ ስለሚመረጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ

ሰው ታዝዞ የሚሠራው ሥራ ታዛዥነቱን ይገልጣል፤ ማንም ሳያዝዘው በፈቃዱ የሚሠራው ሥራ ግን ጠባዩን ይገልጣል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጆች አዲስ ተማሪ በሚመርጡበት ጊዜ የትምህርቱን ነጥብ ብቻ ተመልክተው የማይበቃቸው ስለዚህ ነው። አመልካቹ ስለ ራሱ አጭር ድርሰት ጽፎ እንዲልክላቸው ይጠይቃሉ፤ ብዙ ወጣቶችም በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩትን ሥራ የድርሰታቸው ርእስ አድርገው ይመርጣሉ።

የነገሩ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓመተ ምሕረት 15 ኮሌጆች ተስማምተው አንድ የጋራ ማመልከቻ አቋቋሙ። ዛሬ በዚሁ ማመልከቻ ተማሪ የሚቀበሉት ኮሌጆችና ዩኒቬርሲቲዎች ከ1000 በላይ ናቸው። ድርሰቱ ከ250 ቃል እንዳያንስ፥ ከ650 ቃልም እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከሚሰጡትም ርእሶች አንዱ፥ አመልካቹ ሰዓቱ ማለፉን እስኪረሳ ድረስ ልቡን የሚስበው ነገር ምን እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከድርሰቱ ሌላ፥ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሠራቸውን እስከ 10 የሚደርሱ ሥራዎች የሚዘረዝርበት ስፍራ ለብቻው አለ።

ከኢትዮጵያ ለሚያመለክት ወጣት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እንደ ሃርቫርድ፥ እንደ ዬልና እንደ ፕሪንስተን ያሉት ዩኒቬርሲቲዎች የውጭ አገር አመልካችን ገንዘብ የለህም ብለው አይመልሱም፤ ከተቀበሉትም የጐደለውን ይረዱታል። ነገር ግን የሚያመለክተው እጅግ ብዙ፥ የሚገባው ጥቂት ነው። ነጥባቸው እኩል ከሆነው መካከል አንዱን ከሌላው ለመለየት ድርሰቱ ይመረመራል። በዚህን ጊዜ ወጣቱን አንድ ፈተና ያገኘዋል፤ ይኸውም የሚሠራውን ትቶ፥ ያስከብረኛል ብሎ ያሰበውን መጻፍ ነው።

ይህ መንገድ ወዴት እንደሚያደርስ በአሜሪካ ታይቷል። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ2019 ዓመተ ምሕረት የመንግሥቱ ዐቃቤ ሕግ 50 ሰዎች ከሰሰ። ከእነርሱ መካከል አንዳንድ ባለጸጎች፥ ጀልባ ቀዝፈው የማያውቁ ልጆቻቸውን የቀዘፋ ስፖርተኞች አስመስለው፥ በመለማመጃ መሣሪያ ላይ ተቀምጠው ፎቶግራፍ እንዲነሡ አድርገው፥ በጉቦ ዩኒቬርሲቲ አስገብተዋቸው ነበር። የነገሩ ዋና አቀነባባሪ በ2023 የ3 ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት፤ ከወላጆቹም ብዙዎቹ ታሰሩ። የእነዚህ ሰዎች ጥፋት ከድርሰት ውሸት የከፋ ቢሆንም ሥሩ አንድ ነው፤ ልጁን እንዳለ ማቅረብ ማፈር ነው።

ታዲያ የትኛው ሥራ ይመረጥ? አስቀድሞ፥ ወጣቱ ብዙ ጊዜ የቈየበትና ማንም ባያየውም የማይተወው ይመረጥ። ሁለተኛም፥ የትምህርት ነጥቡና የሥራዎቹ ዝርዝር ያልገለጡትን ጠባይ የሚገልጥ ይሁን። ሦስተኛም፥ 650 ቃል ሦስት ሥራ ስለማይችል አንድ ብቻ ይበቃል።

ለምሳሌ አንድ ወጣት ከአያቱ ጋር ንብ የሚያነብ ቢሆን፥ የባላገር ሥራ ነው ብሎ ሊያፍርበት አይገባም። ስለ ንብ ጥቅም በጠቅላላው ቢጽፍ ግን ከመጽሐፍ የተቀዳ ይመስላል። ይልቁንም አንድ ቀን ቀፎው ባዶ ሆኖ ባገኘው ጊዜ ምክንያቱን እንዴት እንደ መረመረ፥ ጉንዳን የገባበትን መንገድ እንዴት እንዳገኘ፥ ከዚያም አመድ ነስንሶ ሌላውን ቀፎ እንዴት እንዳዳነ ቢጽፍ፥ አንባቢው ከንቡ ይልቅ መርማሪውን ልጅ ያያል። የድርሰቱም ዓላማ ይኸው ነው። ገበጣ ለሚጫወተውም እንደዚሁ ነው፤ ጨዋታውን ለማያውቀው አንባቢ በአንድ ዐረፍተ ነገር አስረድቶ፥ የቀረውን ቃል ስለ ራሱ አሳብ ማዋል ይገባዋል።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸግረውም። ተማሪው ሌላው የቈጠረውን ቅኔ የራሱ አድርጎ ቢያቀርብ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያፍራል፤ የራሱን ቢያቀርብ ግን ጐደሎ እንኳ ቢሆን ይታረምለታል። ማመልከቻውም እንዲሁ ነው። አመልካቹ ያቀረበው ሁሉ የራሱና እውነተኛ መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈለትን የራሱ አስመስሎ ቢልክም በደንቡ እንደ ማጭበርበር ይቈጠርበታል።

ስለዚህ ወላጅና መምህር ሊያደርጉለት የሚገባው፥ እየጠየቁ ማሳሰብና የፊደል ስሕተቱን ማመልከት እንጂ ብዕሩን ከእጁ መውሰድ አይደለም። አባት የጻፈለት ልጅ ቢገባ እንኳ የገባው በአባቱ ቃል ስለ ሆነ፥ በትምህርቱ ቤት ራሱ መጻፍ በሚያሻው ጊዜ ይጨነቃል። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው፥ ከልቡ የሚወደውን ሥራ የመረጠ ወጣት የሚጽፈው ቃል አያጣም። ባይቀበሉትም እንኳ ያልተቀበሉት ራሱን ነው፤ ስለዚህ ሳያፍር ያንኑ ማመልከቻ ይዞ ወደ ሌላው በር ለመሄድ ይችላል።